የስኑስ ሻጩ መርዶ

እስቲ በሞቴ፣ አጠገባችሁ የሚታዘብ ሰው ከሌለ፣ ሊያፏጭ እንደተዘጋጀ ሰው ከንፈራችሁን አሹሉና ከጉሮሯችሁ «ኹዌ» በሉ። አይ፣ «ሁዌ» አይደለም። ትንሽ ይከርክርበት። እንደገና። አሁን «ቦሪ» ጨምሩበት። ኹዌቦሪ። ጎሽ! እናንተ በአንድ አንቀጽ የቻላችሁትን እኔ ለመቻል አራት ወር ፈጅቶብኛል፣ ያውም በሥራ ሰዓት።

ኹዌቦሪ የስዊድን ትንባሆ ነው። አይጨስም፣ አይታኘክም፤ የላይኛው ከንፈር ሥር ይወሸቃል። እነሱ ስኑስ ይሉታል። የኛ ሰዎች «የፈረንጅ ሱረት» ብለውት ተገላግለዋል። ቆርቆሮው ላይ ግን የተጻፈው ሌላ፣ የሚነበበው ሌላ ነው። እንደ እንግሊዝኛ ላንብበው ያለ ሰው «ስጆቦርግ» ይላል። እኔም ብያለሁ። ያኔ አፍሬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ካደረግኩት ጋር ሳስተያየው ግን ያ ምኑም ኀፍረት አይደለም።

የምሠራው ዳውንታውን አትላንታ፣ ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሥር ባለች መስኮት አልባ የሲጋራና የጋዜጣ ሱቅ ውስጥ ነበር። ጊዜው ሰው ሁሉ የስልክ ካርድ እየፋቀ ወደ አገሩ የሚደውልበት ጊዜ ነው። ፀሐይ መውጣቷን የማውቀው በሚገቡት ሰዎች መነጽር ነው። ከለስላሳ መጠጦቹ ጎን አንዲት ትንሽ ፍሪጅ አለች፤ ስኑስ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል ስለሚባል ምሳዬና ኹዌቦሪ አንድ ላይ ነበር የሚያድሩት። የማታ የማታ ምሳዬም የስኑስ ሽታ ለመደ።

ይህን ሁሉ ያመጡብን ጋሽ ጉናር ናቸው። «ጋሽ» ያልኳቸው እኔ ነኝ እንጂ ሰውየው ስዊድናዊ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት፣ ቁመታቸው የበሩን ጉበን የሚነካ፣ ሠላሳ ዓመት የዳውንታውን ሆቴሎችን ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። «ጋሽ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ አንድ ቀን። «ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው» አልኳቸው። «ታናሽ ወንድም አለኝ። እሱ ግን እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም፤ ሽማግሌው ነው የሚለኝ» አሉ።

ጋሽ ጉናር ማክሰኞ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ሕግ አላቸው። «ስሙን በትክክል ካልጠራኸው አልገዛህም» ይላሉ። «በል!» ይሉኛል፣ ካውንተሩን ይዘው። «ስጆቦርግ» እላለሁ። ፊታቸው ጥርሱን እንደታመመ ሰው ይጨማደዳል፤ ወጥተው ይሄዳሉ። ሱስ ያለበት ሰው በስም አጠራር ምክንያት ሱሱን ጥሎ ሲሄድ ያየሁት በእሳቸው ነው። በሳምንቱ ይመለሳሉ። «በል!» ከኋላቸው ሎተሪ ሊቆርጥ የቆመው ሰው ያጉረመርማል። እኔም አጉረመርማለሁ፣ በልቤ።

የሚገርማችሁ መድኃኒቱ ከቤቴ ነበር። እኔ ወሎዬ ነኝ። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ «ኸዚያ» «ኸቤት» ባልኩ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ስለሚፈነዳ ያቺን «ኸ» በስንት መከራ ከጉሮሮዬ ነቅዬ ጥያት ነበር። ጋሽ ጉናር መልሼ እንድተክላት ጠየቁኝ። አንድ ማክሰኞ እንዲሁ በንዴት፣ የአያቴን ጉሮሮ ተውሼ «ኹዌቦሪ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። ቀጥሎ ካውንተሩን ዞረው መጡና የሱቁን ስልክ አንስተው፣ ከኪሳቸው የስልክ ካርድ አውጥተው መነካካት ጀመሩ። የዚያ ዘመን ካርድ ቁጥሩ አያልቅም። በመጨረሻ አንድ ነገር በቋንቋቸው አወሩና ስልኩን አፌ ላይ ደቀኑት። «በል!»

«ኹዌቦሪ» አልኩ።

ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከስዊድን፣ አንድ ሰው እስኪያስለው ድረስ ሳቀና አንዲት ቃል ተናገረ። ጋሽ ጉናር ተረጎሙልኝ። «አልፏል ነው የሚልህ። ወንድሜ ስቬን ነው።» በሕይወቴ ከብዙ ፈተና ወድቄያለሁ፤ ያን ቀን ግን አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ከሱቁ ስልክ ለወንድማቸው መደወል ልማድ ሆነ። ቤታቸው ያለውን ስልክ ነቅለውታል፤ የሚደውለው ሁሉ ምንጣፍ ሻጭ ነው ብለው። ከሱቅ ሲደውሉ መጀመሪያ እኔ አፌን አስጠግቼ «ኹዌቦሪ» እላለሁ፣ ስቬን ይስቃሉ፣ ከዚያ ወንድማማቾቹ ያወራሉ። ከስቬን ጋር የተነጋገርኩት ቃል አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የትንባሆ ስም።

አንድ ማክሰኞ ገና ሱቁን ከመክፈቴ ስልኩ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው። «የጉናር የወንድም ልጅ ነኝ። ቤቱ ብደውል አይሠራም። ይህን ቁጥር ከአባቴ ማስታወሻ ላይ አገኘሁት። አባቴ እሁድ ዕለት ሞተ። እባክህ ቶሎ እንዲደውልልኝ ንገረው፤ ብዙ የምንወስነው ነገር አለ።» ቁጥሯን ሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፍኩ። «እሺ» አልኳት። ያቺን «እሺ» ያልኩበት አፌ ምነው በተዘጋ!

በአራት ሰዓት ጋሽ ጉናር ገቡ። «በል!» አሉኝ። «ሁ... ሁቦሪ» አልኩ። «አሞሃል?» አሉኝ ትኩር ብለው እያዩኝ። «ትንሽ» አልኩ። አዝነውልኝ ይሁን እንጃ፣ እንዲያ ተበላሽቶም ገዙኝ።

ለምን አልነገርካቸውም ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ብዬ? በቆሙበት? ሆዳቸው ባዶ ይሁን ሙሉ ሳላውቅ? ከኋላቸው ሎተሪ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ? መርዶ እኮ ደረሰኝ አይደለም፣ ከማሽኑ ቀድጄ የምሰጣቸው።

ደግሞ እኔ ራሴ የመርዶ ቁስለኛ ነኝ። አባቴ ሲሞቱ ሰባት ወር ደብቀውኛል። ደሴ በደወልኩ ቁጥር ወንድሜ «መስጊድ ሄደዋል» ይለኛል። ሰባት ወር ሙሉ አባቴ ከመስጊድ አልተመለሱም። አትላንታ ያለ ወሎዬ ሁሉ ያውቅ ነበር አሉ። ሰርግ ላይ ስጨፍር እያዩ ዘወር ብለው እንባቸውን ይጠርጉ ነበር አሉ። የተነገረኝ ቀን ከሐዘኑ ንዴቱ ባሰብኝ። በእኔ የደረሰውን በማንም ላይ አላደርስም ብዬ በአላህ ማልኩ። እንግዲህ ምሎ የማያፈርስ ሰው ብርቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ብርቅ ሆኜ አላውቅም።

ያን መርዶ የነገሩኝ ሐጂ ዑመር ነበሩ። ታክሲ ነጂ ናቸው፤ አትላንታ ውስጥ ያለ እሳቸው መርዶ አይነገርም። ያን ቀን ማታ ሥራ ስጨርስ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«መቼ ነው የሞቱት?» አሉ ሐጂ።

«እሁድ።»

«እንግዲያማ ተቀብረዋል። የተቀበረ ሰው አይቸኩልም፤ የሚያስፈራው ቋሚው ነው። ልባቸው እንዴት ነው?»

«አላውቅም ሐጂ።»

«እዚህ ዘመድ አላቸው?»

«ማንም የላቸውም።»

«በል ዘመዳቸው እኛ ነን» አሉና ጉልበታቸውን መቱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ለወንድማቸው እንደገና የሚደውሉት መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት አልኳቸው። «ሦስት ሳምንት! ሰፊ ነው» አሉ፣ እንደ ሰርግ ሽማግሌ። ቀኑ ጁምዓ እንዲሆን፣ ሰዓቱ ንጋት እንዲሆን፣ አንዲት ሴት እንድትኖርበት ወሰኑ። «ሴት የሌለችበት መርዶ ፖሊስ ይመስላል።»

ሴቷ ሲስተር ብርቱካን ሆነች። ፎቅ ላይ ጎረቤቴ ናት፤ ጴንጤ ናት፤ ስቶን ማውንቴን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ነገሩን ስትሰማ በሁለታችንም ላይ ጮኸችብን። «ምን ማለታችሁ ነው? ዛሬውኑ ንገሩት እንጂ! እኛ ሥራ ቦታ ሐኪሙ ይቀመጣል፣ ይናገራል፣ ሶፍት ያቀብላል፣ አለቀ!»

«ሶፍት!» አሉ ሐጂ። ከዚያ በችኮላ በተነገረ መርዶ እዚያው በቆሙበት ስለወደቁ ሰዎች አንድ በአንድ እየጠሩ ነገሯት። ሲስተር ተሸነፈች። ግን የደም ግፊት መለኪያዬን ይዤ ነው የምመጣው አለች።

የመጀመሪያው ጁምዓ ሐጂ ወደ ኤርፖርት የሚያደርሱት ሰው ተገኘ። ሁለተኛው ጁምዓ ሲስተር ብርቱካን ሺፍቷን የሚቀይርላት ጠፋ። በመሃል የሱቁ ስልክ ቁጥር ማሳያ ላይ ረጅም የውጭ አገር ቁጥር ሁለት ጊዜ መጣ። አላነሳሁትም። ምን ልላት? «ኮሚቴው አልተሟላም» ልበላት? ስልኩ እየጮኸ ጋዜጣ ሳስተካክል ቆየሁ።

ጋሽ ጉናርስ? እሳቸውማ ለእኔ ሲጨነቁ ሰነበቱ። ስሙ ከአፌ እየተሰበረ ሲወጣ፣ ዓይናቸውን ማየት ሲያቅተኝ፣ ይህ ልጅ ታሟል ብለው ደመደሙ። በሁለተኛው ማክሰኞ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ካውንተሩ ላይ አስቀመጡ። የዓሣ ሾርባ ነው። «እናታችን እኔና ስቬን ስንታመም የምትሠራልን ነው» አሉኝ። ሐዘንተኛው አስታማሚ ሆነ ማለት ነው። ሾርባውን እፊታቸው ጠጣሁት፤ እንደዚያ ቀን የሚያንቅ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ሦስተኛው ጁምዓ ግን ሁሉም ተሟላ። ሐጂ ሱብሂ ሰግደው፣ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው በታክሲያቸው መጡ። ሲስተር ብርቱካን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጭኗ ላይ በፎይል የተሸፈነ ንፍሮ፣ በእጇ የግፊት መለኪያ። የጋሽ ጉናርን ቤት አውቀዋለሁ፤ አንዴ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ኹዌቦሪ አድርሼላቸዋለሁ። ስቶን ማውንቴን ደርሰን ከቤታቸው ፊት ለፊት ፓርክ ስናደርግ ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል ነበር። የኩሽናቸው መብራት በርቷል።

«ነቅቷል፣ እንግባ» አለች ሲስተር ብርቱካን።

«ምን ያስቸኩልሻል ልጄ?» አሉ ሐጂ። «ፊታቸውን ይታጠቡ፣ ቁርስ ይቅመሱ። በባዶ ሆድ የሚነገር መርዶ አንጀት ይበጥሳል።»

ተቀመጥን። ሐጂ የሚናገሩትን በሹክሹክታ ይለማመዳሉ። ንፍሮው መስታወቱን አላበው። ውሻውን ይዞ የወጣ አንድ ጎረቤት ጋቢና ነጠላችንን አየና መስኮታችንን አንኳኳ። «ለሁሉም ሰው እንደምለው ነው፤ እኛ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አለን» ብሎን ሄደ። ሐጂ ዑመር፣ ሁለት ጊዜ መካ የሄዱት ሰውዬ፣ ከልምምዳቸው ሳይወጡ «ምን አለ?» አሉኝ። «ደህና አደራችሁ አለ» አልኳቸው። በኩሽናው መስኮት ጋሽ ጉናር ሲመላለሱ ይታያሉ። እንቁላል ጠበሱ። በሉ። ሳህን አጠቡ። «አሁን» አሉ ሐጂ። አስራ ሁለት ከአርባ አምስት ሆኖ ነበር።

በሩን ከፍተው ሦስታችንን ሲያዩ «ምን ሆንክ? ባሰብህ?» አሉኝ። አስገቡን። ሐጂ፣ ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ ታክሲ የነዱት ሰውዬ፣ መርዶ በእንግሊዝኛ አይነገርም ብለው አስተርጓሚ አደረጉኝ።

«የሰው ልጅ በዚህች ምድር እንግዳ ነው» አሉ። ተረጎምኩ።

«ኢሚግሬሽን ያዛችሁ እንዴ?» አሉ ጋሽ ጉናር።

«የሰጠ ጌታ መልሶ ይወስዳል።» ተረጎምኩ።

«ሱቁ ሊዘጋ ነው? ኹዌቦሪ ሊቀር ነው?»

ሲስተር ብርቱካን ይህን ጊዜ ክንዳቸውን ይዛ መለኪያውን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር። «ከፍ ብሏል፣ ትንሽ እንቆይ» አለችን በአማርኛ። ጋሽ ጉናር ክንዳቸውን አዩ። ነጠላዋን አዩ፣ ንፍሮውን አዩ፣ ካሁኑ እንባ ያቀረሩትን ሐጂን አዩ። በመጨረሻ እኔን አዩኝና ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ስቬን?» አሉ።

ሦስታችንም መሬት መሬቱን አየን። ሦስት ሳምንት የተጠናው ንግግር በአንድ ስም አለቀ። ሲስተር ብርቱካን «ወይኔ ወንድሜን!» ብላ ለቀቀችው፤ ሐጂ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔም አለቀስኩ፤ ለስቬን ይሁን ከመስጊድ ላልተመለሱት አባቴ፣ አላውቅም። ያላለቀሱት ጋሽ ጉናር ብቻ ናቸው። ተነስተው ከኩሽና ሶፍት አመጡና አደሉን።

«መቼ?» አሉ።

«እሁድ።»

«ያለፈው እሁድ?»

«አይደለም። ዛሬ አስራ ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

ቁጭ አሉ። «ቀብሩስ?»

«ያኔውኑ ተቀብረዋል እንጂ» አልኩ። ላጽናናቸው ብዬ ነው። «ሰኞ።»

«እኛ ዘንድ ያኔውኑ አይቀበርም» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ ዘንድ ሁለት ሳምንትም ሦስት ሳምንትም ይቆያል። ሰው ከሩቅ እንዲደርስ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ከሦስታችን አንዳችንም ይህን አላሰብንም። እሁድ የሞተ ሰው ከመሬት በላይ ይከርማል ብሎ ማን ያስባል? ቁጥሯን የጻፍኩበትን የሲጋራ ካርቶን ከኪሴ አወጣሁ። ጋሽ ጉናር የስልኩን ገመድ ከመሳቢያ አውጥተው ግድግዳው ላይ ሰኩ፤ ደወሉ። በቋንቋቸው አወሩ። ብዙውን ጊዜ ያዳምጡ ነበር። ስልኩን አስቀመጡና ጀርባቸውን እንደሰጡን ነገሩኝ።

«ዛሬ ነበር። በእነሱ እኩለ ቀን፣ በእኛ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት። አሁን ገና ከመቃብር መመለሳቸው ነው። መልስ ስታጣ ድንገት ይመጣ ይሆናል ብላ የፊተኛው ወንበር ላይ ቦታ ይዛልኝ ነበር።» ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተ ስንት ሰዓት መጣችሁ?»

«አስራ አንድ ተኩል» አልኩ። ብዋሽ ምን ነበረበት!

በመስኮቱ የሐጂን ታክሲ አዩ። «እዚያ ነበራችሁ?»

«እዚያ።»

«እንቁላል ስጠብስ?»

«አዎ።»

መርዶውን ደብቄ ስለያዝኩበት አስራ ሰባት ቀን አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ፓስፖርታቸው እኮ፣ ብነግራቸው የሚሄዱበት፣ ያንኑ የስልክ ገመድ ያወጡበት መሳቢያ ውስጥ ሆኖ አይቼዋለሁ። ንፍሮውን በማንኪያ፣ አንድ አንድ ፍሬ እያነሱ ቀመሱልን። ሐጂ ወደ ቤታችን እስክንደርስ «ውኃውን ቀዳሁት በወንፊት፣ ቀዳሁት በወንፊት» እያሉ መሪውን ይመቱ ነበር። ሲስተር ብርቱካን «ሶፍት» የምትለውን ቃል አላነሳችም፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

ሁለት ማክሰኞ ጋሽ ጉናር አልመጡም። በሦስተኛው መጡ። «በል» አላሉኝም። በጣታቸው ወደ ፍሪጇ አሳዩኝ። «ኹዌቦሪ» አልኩ ራሴ፣ አሳምሬ፣ ስቬን ቢሰሙ በሚያሳልፉኝ አኳኋን። ቆርቆሮውን ይዘው ወጡ። የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ሲደርስም ስልኩን አየት አድርገው ሄዱ። ሰው ቢሰድበኝ እችላለሁ፤ ያቺን ጣት ግን አልቻልኳትም።

ከዚያ ሆን ብዬ ማበላሸት ጀመርኩ። ይቆጡኛል ብዬ። «ሁቦሪ» አልኩ፤ ዝም። «ሾቦርግ» አልኩ፤ ዝም። በየሳምንቱ አንድ ደረጃ እያወረድኩ «ስጆቦርግ» ደረስኩ፤ የገንዘባቸውን መልስ ተቀብለው ሄዱ። ሐጂ በየሳምንቱ እየደወሉ «ተናገሩህ?» ይሉኛል። «አልተናገሩኝም።» «አብሽር» ይሉኛል፣ እሳቸውም ድምፃቸው ሰልሎ።

አንድ ማክሰኞ ወረፋው ረጅም ነበር። ጣታቸውን አነሱ። እኔም ቆርቆሮውን ከፍ አድርጌ «ጃምቦበርገር!» አልኩ። ሎተሪ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ጋሽ ጉናር ቆርቆሯቸውን ይዘው በሩ ጋ ደረሱ። እጀታውን እንደያዙ ቆሙ። ተመለሱ፣ ወረፋውን ሰንጥቀው መጡና ካውንተሩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ይሄስ በዛ» አሉ። «በል!»

አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬን አሾልኩ። ያቺ «ኸ» ግን አልወጣ አለች። ወረፋው ያጉረመርማል። ጋሽ ጉናር እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ወረፋውን ጸጥ አሰኙት።

«ቀስ ብለህ በል» አሉኝ። «መቸኮል እንደሆነ አታውቅበትም።»